ሴት የበዛበት ወር

የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ሰኞ

የጠዋት ቆጠራ፦ ከትንንሾቹ ጋፒ ዓሦች የተለዩ ወንድ 29፣ ሴት 32። የሞተ 2። ጎልድፊሾቹ ደህና ናቸው።

አብዱልመናን የሚባል ልጅ ከባቱ ደወለ። የዓሣና የአኳሪየም ሱቅ ከፍቷል። በየሳምንቱ ከእኔ ሊወስድ ይፈልጋል፤ ግን ተለይቶ ነው፣ ወንዱ ለብቻ፣ ሴቷ ለብቻ፣ ሴቶቹም ወንድ ያልደረሰባቸው። «እትዬ መሰለች፣ ዓሣ ጠፍቶ አይደለም ወደ እርስዎ የመጣሁት። አዲስ አበባ የሚሰጡኝ ዝንቅ ነው። እርስዎ ግን ይለያሉ ይባላል» አለኝ። ይባላል ማለቱ ደስ አላለኝም። ግን ልጁ ነገሩ ገብቶታል።

ጋፒ ካደገ ማንም ይለየዋል። ወንዱ ባለቀለም ጅራቱን እየጎተተ ይንጎራደዳል፣ ሴቷ ወፍራምና አመድማ ናት። ያን ጊዜ መለየቱ ግን አይረባም። ወንድ አንዴ ካገኛት ለወራት ትወልዳለች፣ ዘሩም ከማን እንደሆነ አይታወቅም። ስለዚህ ገና የሩዝ ፍሬ ሲያህሉ መለየት አለባቸው። በዚያ ዕድሜ ቀለም የላቸውም። ሴቷ ከሆዷ ሥር፣ ወደ ጅራቷ ጠጋ ብሎ፣ ጥቁር ነጥብ አላት፤ በእርሳስ ጫፍ የተነካች ትመስላለች። ወንዱ የለውም። ሙያዬ በሙሉ ይኸው ነው። ጠዋት ፀሐይ በሱቁ ደጃፍ ስትገባ ነጭ ሳህን ላይ ውኃ አደርጋለሁ፣ ሠራተኛዬ ጉዲቱ አንድ በአንድ በማንኪያ ትጨምርልኛለች፣ እኔ እንደ ሰዓት ጠጋኝ ግራ ዓይኔን ጨፍኜ በቀኙ አያለሁ። ወንድ። ሴት። ሴት። ወንድ። እሷ ወደየገንዳቸው ታስገባለች።

ለአብዱልመናን እሺ አልኩት። ባቱ ከያዘልኝ ሻሸመኔም ይከተላል።

የካቲት 6

በችኮላ። የአኳሪየሞቹ መስታወት ቆሽሿል። የተለመደው አረንጓዴ እድፍ አይደለም፣ ጭስ የመሰለ ነገር ነው። ጉዲቱን ፋቂው አልኳት። «ትናንት ፍቄዋለሁ እኮ እትዬ።» ድጋሚ ፋቀችው። ያው ነው።

የካቲት 10

ቆጠራ፦ ወንድ 22፣ ሴት 38።

የአብዱልመናን የመጀመሪያ ዕቃ ሄደ። ከረጢቶቹን በአየር ነፍቼ፣ ወንድና ሴት ብዬ ጽፌባቸው፣ ለባቱ ሚኒባስ ሹፌር አስረከብኩ። በደህና ደርሷል።

ማታ ልጄ ኮከብ ከኢንዱስትሪ ፓርክ ተመልሳ እራት ላይ ጀመረችኝ።

«እማ፣ የስኳር ቀጠሮሽ አልፏል።»

«እሄዳለሁ።»

«ዓይንሽንም በዓመት አንዴ ታዪ ብለውሽ ነበር።»

«እኔ በዓይኔ አይደል እንዴ የምበላው? ቢታመም መጀመሪያ የማውቀው እኔ ነኝ።»

የእራቱን ሳህን አነሣች። የእሷ ዝምታ ከንግግሯ ይረዝማል፤ በአባቷ ነው የወጣችው፣ ነፍሱን ይማረውና።

የካቲት 17፣ ሰኞ

ሁዳዴ ገባ። ቆጠራ፦ ወንድ 15፣ ሴት 44።

የንስሐ አባቴ አባ ኪዳነወልድ ትናንት ቤት መጥተው ነበር። «አንቺ መድኃኒት ትወስጃለሽ፤ የጾም ይሁን እንጂ ጠዋት ቅመሺ፣ ሰዓት አትጠብቂ፣ ፈቅጄልሻለሁ» አሉኝ። እሺ አባቴ አልኩ። ግን ጤነኛ ሆኜ ስዞር የሚያየኝ ሰው ምን ይላል? ኪኒኑ ከምግብ ጋር ነው የሚዋጠው። ስለዚህ ወደ ዘጠኝ ሰዓት አዛወርኩት። ያው ኪኒን ነው፣ ሰዓት አያነብ።

ሴት የበዛው በሙቀቱ ይመስለኛል። ውኃ ሲሞቅ አንደኛው ጾታ ይበዛል ሲሉ ሰምቻለሁ። የትኛው እንደሆነ ግን ያለኝን ሰው አላስታውስም።

የካቲት 20

ከጎኔ መለዋወጫ የሚሸጠው ደገፋ ለጉዲቱ ሲነግራት በመጋረጃው በኩል ሰማሁት። «መሲ እኮ ሰላምታ መመለስ ተወች። ባቱ ድረስ መላክ ስትጀምር እኛ አንታያትም።» በሳቅ ነው ያለው። መቼ ነው ሰላም ያለኝ? በቀኜ በኩል ነው የሚቀመጠው፣ ቢለኝ እሰማው ነበር። እጁን አንሥቶ ይሆናል።

የካቲት 24

ቆጠራ፦ ወንድ 6፣ ሴት 51።

ሁለተኛ አየኋቸው። ያው ነው። አንዳንዷ ነጥቧ ከፍ ብሎ ጎኗ ላይ ነው፤ አንዷማ ጭራሽ ጭንቅላቷ አጠገብ። እንዲህ ቦታው ሲለዋወጥ ከዚህ በፊት አላጋጠመኝም። ከእናትየዋ የመጣ መሆን አለበት።

ሳህኑም ጠርዙ ተላልጦ ጥቁር ጥቁሩ ይታያል፣ ዓይን ያሳስታል። ሌላ ገዛሁ።

የካቲት 25

አዲሱም ሳህን ነጠብጣብ አለው። መልሼ ወሰድኩት። ሻጯ አገላብጣ አየችው፣ በቀሚሷ ጠረገችው፣ «የት ጋ?» አለችኝ። እዚህ ጋ ብዬ አሳየኋት። ቀየረችልኝ፤ አስተያየቷ ግን አላማረኝም። ገበያው ላይ ደህና ዕቃ ጠፍቷል።

የካቲት 29

አብዱልመናን ደወለ። የተባባልነውን እንዳልረሳው እጽፋለሁ።

«እትዬ፣ ሴት ብለው የላኩልኝ ቀለም እያወጡ ነው።»

«ስንቱ?»

«ያላወጡትን ብነግርዎት ይቀላል።»

«ሹፌሩ ከረጢት አቀያይሮ ይሆናል።»

«የእርስዎ ጽሑፍ አለበት እኮ። እኔ ያስቸገረኝ ደንበኛው ነው። ‹አብዱ፣ ሴቶች ብለህ ሰጠኸን፣ ይኸው እርስ በርስ ጅራት ይነካከሳሉ› ይለኛል። ምን ልበለው? ሙሽራ ቀየሩብኝ ልበል?»

ሳቅኩ። ነጋዴ ሲቆጣና ሲቀልድ ድምፁ ይለያል፤ እየቀለደ ነበር። እስካሁን። አጣራለሁ አልኩት።

ስልኩን ዘግቼ ጉዲቱን ጠራኋት። ደገፋ በር ላይ ቆሟል።

«ወንዱን ወደ ሴቶቹ ገንዳ እያስገባሽ ነው።»

«እርስዎ እንዳሉኝ ነው የማስገባው።»

«እኔ ወንድ ስል የት ነው የምታደርጊው?»

«ወንድ የሚሉት እኮ ቀነሰ፣ እትዬ።»

«ምን ማለት ነው ቀነሰ?»

«እንጃ» አለች፣ መሬት መሬት እያየች።

«አንቺ ከደራ ስትመጪ ዓሣ የምታውቂው በወጥ ነበር» አልኳት። ደገፋ ሳቀ። እሷ ሽርጧን ፈታች፣ አጣጥፋ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች፣ ሰዓቷ ደርሶ ስለነበረ ሄደች።

መጋቢት 2

ጉዲቱ አልመጣችም። ለብቻ መለየት አይሆንም፣ አንድ እጅ ማንኪያ አንድ እጅ ሳህን። ቆጠራ የለም። ምግባቸውን ብቻ ሰጥቼ ዋልኩ። ስወጣ ደረጃው አደናቀፈኝና ጉልበቴ ተላጠ። ለኮከብ ምንም አልነገርኳትም፣ ጫማው ነው።

መጋቢት 3

መጣች። «አካም ቡልተን» አለች እንደ ሁልጊዜው። ደህና አደርሽ አልኩ እንደ ሁልጊዜው። ይቅርታ ማለት ነበረብኝ። ሰው ገባ። ነገ እላለሁ።

መጋቢት 5

ቆጠራ፦ ወንድ 2፣ ሴት 47። ይህን ቁጥር ለራሴ ካልሆነ ለማንም አላሳይም።

ይቅርታውን አላልኩም።

መጋቢት 7

ጠዋት ጉዲቱ ከሴቶቹ ገንዳ ጠራችኝ። «እትዬ፣ እዩ፣ ወልደዋል።» ጣቷን መስታወቱ ላይ አድርጋ ከሣሩ ሥር አሳየችኝ። እዚህ አንድ፣ እዚህ ሌላ፣ ያውና ደግሞ። አየሁ አልኳት።

አሁን ከእራት በኋላ ነው፣ ኮከብ ልብስ እየተኮሰች ነው፣ ስለዚህ ረጋ ብዬ ልጻፈው። በዚያ ገንዳ ውስጥ ወንድ ነበረ ማለት ነው። አንድ ቢሆን አይገርመኝም፣ ለማንም ያመልጣል። አንድ አይደለም። ጉዲቱ ከሰዓት በኋላ እያደጉ ያሉትን በመረብ አውጥታ ባልዲ ውስጥ ስታሳየኝ ቀለም ያወጡት ብዙ ነበሩ፤ ባልዲው ቢጫና ጥቁር ሆነ። ያን ያህሉን አየሁ። ቢጫ ገላና ጥቁር ጅራት ያለውን ዘር ለማውጣት አራት ዓመት ለፍቻለሁ። ጥሩውን ወንድ ከጥሩዋ ሴት፣ ልጆቻቸውን መልሼ እየለየሁ፣ የማይረባውን እያስወገድኩ። ከመናኸሪያው ጀርባ ያለች ትንሽ ሱቅ ስም ያወጣችው በዚህ ነው። አሁን እነዚህ ሁሉ ሴቶች ከማን እንዳረገዙ አላውቅም። ዘሩ ተበላሽቷል። የወንዶቹ ገንዳ ብቻ ነው ንጹሕ የቀረው፣ እሱም እኔ ወንድ ያልኩት ጥቂት ስለሆነ ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረውም።

ጉዲቱ አይደለችም። ማንኪያዋ አይሳሳትም። ያልኳትን ነው የምታደርገው፣ ይህን ያን ቀንም አውቀው ነበር። ታዲያ ለምን አልኳት? ሰው ፊት ስለነበርኩ።

ውኃው ሊሆን ይችላል። የቧንቧውን ውኃ በበርሜል አሳድሬ ነው የማስገባው፣ ግን ሰሞኑን ሽታው ተቀይሯል። ነጥብ ሊያወጣባቸው ይችላል። በበሽታ ነጭ ነጥብ ሲያወጡ አውቃለሁ። ጥቁር ለምን አያወጡም?

መጋቢት 12፣ ዓርብ

አብዱልመናን ሳይደውል መጣ። ረጅም ወጣት ነው፣ ሱቄ ሲገባ ጎንበስ አለ። ሻይ ላምጣልህ ልለው ስል ረመዳን መሆኑ ትዝ አለኝ።

«ሁለታችንም ሆዳችን ባዶ ነው እትዬ፣ ንዴት ሳይገባን ቶሎ እንጨርስ» አለ።

«እኔ አልናደድም።»

«አውቃለሁ፣ ለዚያ ነው የምፈራዎት። ለጠብ አልመጣሁም። ሲለዩ ልይ ብዬ ነው። ስህተቱ የት ጋ እንደሚገባ አብረን ካየን እናቆመዋለን። እኔ ከእርስዎ ሌላ ሰው አልፈልግም፤ ግን አንድ ጊዜ ደግሞ እንዲህ ከሆነ ባቱ ላይ ስሜ አለቀ።»

ተገቢ ነው። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን ይህንኑ እል ነበር። ወንበሬን ወደ ደጃፉ አወጣሁ፣ ሳህኑ ላይ ውኃ አደረግኩ፣ ብርሃኑ ጥሩ ነበር። ጉዲቱ ማንኪያዋን ይዛ ወደ ትንንሾቹ ገንዳ ሄደች። ግራ ዓይኔን ጨፍኜ ጎንበስ አልኩ። መሐል ላይ ነበረች። ቀስ ብላ ወደ ጠርዙ ሄደች፣ ተመለሰች። ነጥቧ ግልጽ ነው።

«ሴት» አልኩ።

ማንኪያው እስኪመጣ ጠበቅኩ።

«ሴት ናት። አንሺያትና ሌላ ጨምሪ።»

«እትዬ» አለች ጉዲቱ። ድምጿ ከአጠገቤ አልመጣም፣ ከኋላ ከገንዳው በኩል ነው። «ገና አልጨመርኩም።»

አብዱልመናን ሳቀ። ቀልድ መስሎት ነው። «እትዬ ውኃውንም ሴት አደረጉት» አለ። እኔም ሳቅኩ፣ ደህና አድርጌ። ጉዲቱ አልሳቀችም፤ ዞር ብዬ ሳያት ማንኪያውን በሁለት እጇ ይዛ ቆማ ነበር።

ራሴን አመመኝ፣ ጾሙ ይሆናል፣ እደውልልሃለሁ አልኩት። ባዶ እጁን ወደ ባቱ ተመለሰ። ሲወጣ «አላህ ያበርታዎት» አለኝ፣ ሳይስቅ።

ስትዋኝ አይቻታለሁ። ለራሴ ነው የምጽፈውና አልዋሽም። ስትዋኝ አይቻታለሁ።

መጋቢት 13

ሱቅ አልሄድኩም። መኝታ ቤት አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ቀኝ ዓይኔን በእጄ ሸፍኜ በግራው ግድግዳውን አየሁ። ነጭ ነው። ግራውን ሸፍኜ በቀኙ አየሁ። ግድግዳው ላይ ነጥብ አለ፣ ከሥሩም እንደ ክር የሚንጠለጠል ነገር። ዓይኔን ወደ መስኮቱ ሳዞር አብሮኝ ዞረ። ወደ በሩ ሳዞር ደግሞ ትንሽ ዘግይቶ ተከተለ።

ይህ ሁሉ ወር ለምን በግራው ደግሜ አላየሁም? ልማድ ነው። ልማዴን እንደ ሙያ ቆጥሬው።

ለኮከብ አልነግራትም ብዬ ነበር። ከሥራ ስትገባ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ነገርኳት። አልተቆጣችም። ስልኳን አውጥታ ቀጠሮ አስያዘች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

መጋቢት 16

ዓይን ክሊኒክ። ጠብታ አደረጉልኝና የቤቱ መብራት ሁሉ ጸጉር አበቀለ። ሐኪሟ ከኮከብ ብዙ አትበልጥም። ረጅም ጊዜ አየችኝ።

«እናቴ፣ የቀኙ ውስጥ ደም ፈስሷል። ስኳሩ ነው። ይህ የአንድ ወር ነገር አይደለም፣ የቆየ ነው፤ ግራውም ጀምሯል።»

«ግራው ደህና ነው፣ በግራው አያለሁ።»

«ያያሉ። ለዚያ ነው አሁን መቅደም ያለብን። አዲስ አበባ ሄደው የሌዘር ሕክምና ይደረግልዎታል።»

«ከዚያ ይመለሳል?»

«ያለውን ለማቆየት ነው። ለሄደው ግን ቃል አልገባልዎትም።»

ነጋዴ ነኝ፣ እንዲህ ያለ ንግግር ይገባኛል። ከዚያ መድኃኒቱን በሰዓቱ እወስድ እንደሆነ ጠየቀችኝ። እወስዳለሁ አልኩ። ኮከብ አየችኝ። «ዘጠኝ ሰዓት ላይ» አልኩ። «ጾም ነው።» ሐኪሟ ጻፈች። ኮከብ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፣ እንባዋን ስትጠርግ ለማየት ግን የሚበቃ ዓይን አለኝ።

ወደ ቤት ስንመለስ እጄን ይዛ አሻገረችኝ። ስታድግ እንደዚያው ነበር የማሻግራት፣ እጇን ስይዛት አትወድም ነበር። እኔም አልወደድኩም።

መጋቢት 17

ጠዋት በልቼ ኪኒኑን ዋጥኩ። ማንም ምንም አላለም። ሱቅ ሄጄ ደገፋን ጠራሁት።

«ና ስማ። ያን ቀን አንተ ፊት ጉዲቱን የወቀስኳት በሐሰት ነው። ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ዓይኔን አሞኛል።»

ደገፋ እጁን በጨርቅ ይጠርግ ጀመር፣ ንጹሕ ነበር። «እኔ ደግሞ ኮርታብን ነው ስል…»

«ሰላም ስትለኝ ተናገር እንጂ እጅህን አታንሣ።»

ሳቀ። ጉዲቱ «ተዉት እትዬ» አለች። ቆይታ ደግሞ፣ «እኔም አይቼ ነበር። ወንዱን ሴት ሲሉ አይቻለሁ። እትዬ ተሳስተዋል ማለት ፈራሁ» አለች።  «ዓሣ በወጥ» ብዬ የሰደብኩበት አፍ ነው የሚያስፈራው።

አብዱልመናን ጋ ደወልኩ። እውነቱን ነገርኩት፤ ሳህኑንም፣ ቀልድ እንዳልነበረ። 

«እንግዲያው ያሉትን ዝንቅ ብለው ይላኩልኝ» አለ።

«ዝንቅ ከአዲስ አበባ ታገኛለህ፣ አይደል?»

«አገኛለሁ።»

«ከዚያ ውሰድ። በእኔ ስም ያልተለየ አልልክም።»

«እትዬ፣ ሥራ እኮ ነው…»

«ሥራ ስለሆነ ነው።»

አላህ ዓይንዎን ይመልስልዎ አለኝ። አሜን አልኩ። ባቱ በዚህ አለቀ።

ከሰዓት በኋላ የሴቶቹን ገንዳና የትንንሾቹን አንድ ላይ ቀላቀልን። ጉዲቱ ልሞክር፣ እለያለሁ አለች። ትሞክር፣ ግን ለመማር እንጂ ለመሸጥ አይደለም። ካርቶን ላይ በትልቁ «ያልተለየ» ብላ ጻፈች፣ ገንዳው ላይ ለጠፍነው። ከበሩ ቆሜ በግራው አነበብኩት። አንዲት ሴት ከልጇ ጋር ገብታ ስድስት ያህል ወሰደች፤ ወንድ ይሁን ሴት አልጠየቀችም። ልጇ በቀለሙ ነው የመረጠችው።

ነገ፦ በመጀመሪያው ሚኒባስ ከኮከብ ጋር ወደ አዲስ አበባ። የክሊኒኩን ወረቀት መያዝ። ከመናኸሪያው በፊት በሱቅ በኩል አልፎ ቁልፉን ለጉዲቱ መስጠት።